ዓምድ ያጣችው ጳጉሜ

ኮልፌ ገበያ ገብታችሁ «ሰይፈዲን አሸንዳ ሠሪው የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ትከሻውን ነቅንቆ የሚያልፋችሁ ነው የሚበዛው። «ጋሽ ዝናቡስ?» ካላችሁ ግን አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ይጠቁማችኋል። ከቆርቆሮ ተራው መጨረሻ፣ ጢሙን ሂና ነክቶ፣ የቆርቆሮ መቀሱን ጭኑ ላይ አጋድሞ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ስሙን ያወጡለት የተራው ልጆች ናቸው። ለማላገጥ ነበር ያወጡለት፤ እሱ ግን ኮራበት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ኢድ ይሁን ሌላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ የቆመችውን የዝናብ መለኪያ አውርዶ፣ ውሃውን መስመር ባለው ብርጭቆ ቀድቶ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ደብተር ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ማን አዘዘው? ማንም። ምን አገኘበት? ምንም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም መቼም።

ነገሩ የመጣው በሙያው በኩል ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ የአየር ጠባይ ባለሙያ የተቀደደ መለኪያ ሊያስበይድ ሱቁ መጣ። ሰይፈዲን እየበየደ «ይሄ ለምን ይሆናል?» አለው። ሰውየው ነገረው። «እንዴ! ታዲያ ለአሸንዳ ስፋት ይጠቅመኛላ!» አለ። ሰውየው ስቆ ሄደ፤ በዓመቱ ግን አንድ አሮጌ መለኪያ ከነብርጭቆው አምጥቶ ሰጠው። ሰይፈዲን ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛና በብረት ማስመሪያው ቀኝ ገጹ ላይ አሥራ ሁለት ዓምድ አሰመረ፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ። ጳጉሜስ? «አምስት ቀን ሆና አንድ ሙሉ ዓምድ ልትበላብኝ?» አለና ግራው ገጽ ላይ፣ የደንበኞቹን የአሸንዳ ልክ በሚሞነጭርበት ቦታ፣ ከልኮቹ መሀል ሸጎጣት። በጳጉሜ ደሞዝ የለ፣ በጳጉሜ የቤት ኪራይ የለ፤ ሀገር ሁሉ ሳይቆጥራት ነው የሚያልፈው። እሱ ቢያንስ ጽፏታል።

እትዬ አልማዜ ደግሞ የሱቁ ጎረቤት ናት። በልጅነቷ ከዳውሮ መጥታ፣ እዚያው ገበያ ኮረሪማና ዝንጅብል ስትሸጥ አርባ ምናምን ዓመት አልፏታል። እሷና ሰይፈዲን ሲነጋገሩ የሰማ እንግዳ ሰው የተጣሉ ነው የሚመስለው።

«ሰይፉ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ትለዋለች በጠዋቱ።

«እኔ የዘነበውን ነው የምለካው እትዬ። የሚዘንበውን ፈጣሪን ጠይቂ።»

«ታዲያ ምን ትጠቅመኛለህ? የዘነበውንማ ጣሪያዬም ይነግረኛል!»

ጣሪያዋም እውነቱን ነው፤ ቤቷ ከገበያው በታች፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄደዋል፤ እሷ ምትክ ቤት እየጠበቀች ብቻዋን ቀርታለች። ብቻዋን ያልኩት አሁን ነው እንጂ፣ እናቷ የሞተችባትን የልጅ ልጇን ሄቨንን በዚያች አንድ ክፍል ቤት ነው ያሳደገቻት። ሄቨን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አልማዜ ለመላው ገበያ ከረሜላ አድላለች።

እንግዲህ ይቺ ሄቨን የመመረቂያ ጥናቷ ርዕስ «የኮልፌ አካባቢ የዝናብ አዝማሚያ» ሆነና ሚያዝያ ላይ ስልኳን ይዛ ሰይፈዲን ቤት መጣች። ሰይፈዲን በደስታ የሚሆነውን አጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማንም አንድ ቀን እስቲ ልየው ያላለውን ደብተር ዩኒቨርሲቲ ሲፈልገው! ገጹን በሁለት እጁ ደልድሎ ይይዝላታል፣ እሷ ፎቶ ታነሣለች። ቀኝ ገጽ ብቻ። ግራው ላይ ያለው «አሥራ ሁለት ሜትር፣ ሁለት መታጠፊያ ክርን፣ ለሐጂ እገሌ» የሚል ስለሆነ የሱቅ ነገር ነው ብላ አለፈችው። እሱም አላስቆማትም፤ በዚያች ሰዓት ጳጉሜ የምትባል ነገር በሐሳቡም አልመጣችም። ሄቨን የወራቱን ድምር ኮምፒዩተር ውስጥ ከታ፣ አማካዩን አወጣች፣ የአዝማሚያውን መስመር ሠራች። ሐምሌ እየበረታ ነው፤ የነሐሴ መጨረሻ እየሳሳ ነው፤ መስከረም ከድሮው በግማሽ ቀንሷል። በአጭሩ ክረምቱ ቶሎ እየወጣ ነው። መምህሮቿ አሞገሷት። ከጥናቱ ፊት «ደብተራቸውን ላበረከቱልኝ ለአቶ ሰይፈዲን» ተብሎ ስሙ ሲጻፍ፣ ያቺን ገጽ ሚስቱን ዙቤዳን ሦስት ጊዜ አስነብቧታል። አልማዜ ደግሞ መስመሩ ያለበትን ወረቀት ፕላስቲክ አስለብሳ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ለመጣ ሰው ሁሉ በጣቷ መስመሩን ተከትላ «ዝናቡ እዚህ ጋ ያልቃል» ትል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሰይፈዲን «እትዬ፣ ዘንድሮ እዚያ አፋፍ ላይ አትከርሚም፤ እኛ ጋ ነሽ» አላት። ባለፈው ዓመት ጎርፉ የቤቷን የኋላ ግድግዳ ልሶት ነበርና እምቢ አላለችም። ሐምሌንና ነሐሴን እሱ ቤት ከረመች። ሁለት ወር ቀላል እንዳይመስላችሁ! ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ዙቤዳ በታመመ ጉልበቷ አልጋዋን ለእንግዳዋ ለቃ ፍራሽ ላይ ወረደች። አልማዜ ጎህ ሳይቀድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች፣ ከእነሱ ስግደት ጋር ይጋጫል፤ ወጥ በተሠራ ቁጥር ሳትጠየቅ ኮረሪማ ትጨምራለች፤ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት አላት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለ አይደል? ሰው እየታፈነ «ምንም አይደል፣ ኧረ ተጫወቺ» የሚልበት። ታፍነው ከረሙ።

ነሐሴ ሲያልቅ ዙቤዳ ጉልበቷን እያሸች «ሰይፈዲን፣ እስከ መቼ ነው?» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም፤ እሷም ብትሆን ከአንጀቷ አልነበረም። ሰይፈዲን ግን መልሱ እጁ ላይ ነበር። «ቁጥሩ እኮ ተናግሯል! ነሐሴ ካለቀ አለቀ ነው፤ እዚያው ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል» አለ። ነሐሴ ሠላሳ ቀን የአልማዜን ፍራሽ ትከሻው ላይ ጭኖ፣ እሷን ከኋላው አስከትሎ ወደ ወንዙ ወረደ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ሰለቸኋችሁ አይደል?» አለችው።

«አስተግፊሩላህ! ምን ማለትሽ ነው እትዬ? የሄቨን ጥናት ነው እንጂ…»

«እሺ፣ እሺ። ጥናቱ ነው» አለችና ፍራሹን ተቀበለችው።

በማግስቱ ጳጉሜ አንድ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰይፈዲን እንደ ልማዱ መለኪያዋን አወረደ። አሥራ አንድ ሚሊሜትር። ደብተሩን ከፍቶ ሊጽፍ ሲል ቀኝ ገጹ ሞልቷል፤ ግራውን ገለጠና ከአንድ ደንበኛ የአሸንዳ ልክ ሥር «ጳጉሜ 1» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶው እዚያው ቀረ። ልጅቷ ፎቶ ያነሣችው ቀኝ ቀኙን ነው! ቁጭ ብሎ ሃያ ዘጠኙንም ዓመት ወደ ኋላ ገለጠ፣ ጳጉሜዎቹን ከቆርቆሮው ልክ መሀል እየለቀመ ደመረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ። መሀል ላይ ሠላሳ፣ ሠላሳ አራት። የቅርቦቹ ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ ሦስት፣ ሰባ አንድ። ያለፈው ዓመት ዘጠና ሁለት፣ በአምስት ቀን! ዝናቡ ከነሐሴ መጨረሻ ወጣ እንጂ የትም አልሄደም፤ ማንም ወደማይቆጥራት ወደ ጳጉሜ ነው የገባው። አምና ራሱ ጎርፉ የአልማዜን ግድግዳ የላሰው መቼ ነበር? ሰው ሁሉ «ነሐሴ ላይ» እያለ ያወራል እንጂ ጳጉሜ ሦስት ነበር። እሱ ራሱ ጽፎታል፣ በገዛ እጁ።

እስቲ በሞቴ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ጫማ ሳታደርጉ ነው የምትሮጡት! ሰይፈዲን ግን ደብተሩን ዘጋውና ቁጭ አለ። ምን ብሎ ይናገር? «የሃያ ዘጠኝ ዓመት ደብተሬ ጎዶሎ ነው» ይበል? «የልጅሽ ጥናት፣ ያ የተሞገሰችበት፣ ግድግዳሽ ላይ የሰቀልሽው፣ ስህተት ነው» ይበላት? ትናንት ፍራሽ ተሸክሞ አስወጥቷት ዛሬ «ተመለሺ» ይበላት? ሁሉንም እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ዙቤዳ ከሁለት ወር በኋላ በገዛ አልጋዋ ተኝታ፣ ጠዋት ስትነሣ ፊቷ ፈክቶ ነበር። እሱም ያንን ጸጥታ ወደደው። «ነገ እነግራታለሁ» አለ። እኔ በበኩሌ ይቺን «ነገ» የምትባል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ጳጉሜ ሁለት ፀሐይ ወጣ። ጠብ አላለም። «አየህ! በከንቱ ነው የተጨነቅከው» ብሎ ራሱን አጽናና። በዚያች ሌሊት ግን ጣለ፤ ጳጉሜ ሦስት ጠዋት ሃያ ሦስት ሚሊሜትር ለካ። ሱቁን ሳይከፍት ወደ ወንዙ ወረደ።

አልማዜ ለበዓሉ ቤቷን ስታጸዳ ነበር። ከቤቷ ጀርባ ያለው አፈር ርሶ አብጧል፤ ወንዙ ቡና መስሎ ይፎክራል። ሰይፈዲን ይሄን ሁሉ አየ። አይቶ ሲያበቃ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ!

«እትዬ፣ እ… ዙቤዳን ናፍቀሻታል። ለበዓሉ እኛ ጋ ብትሆኚ ብላ ነው።»

አልማዜ መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችው። «ዙቢን ነው የናፈቅኳት? ጉልበቷስ?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አልጋውም አለ፣ ፍራሹን እኔ እሸከማለሁ…»

«ሰይፉ።» ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን የሚያላግጥ አልነበረም። «ትናንት ማታ የዘነበው አስፈርቶኛል። ጣሪያው ሲጮህ አደረ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ቁጥሩ ምን ይላል?»

ይኸውላችሁ፣ በሩ ተከፍቶለት ነበር። «ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ጳጉሜን ረስተናታል፣ ውጪ» ቢላት መጥረጊያዋን ጥላ ትከተለው ነበር። ሰይፈዲን ቀና ሲል ከጀርባዋ ያ ፕላስቲክ የለበሰው ወረቀት ታየው፤ አቧራው ተጠርጎ ያበራል፣ ለበዓል አንደኛ የጸዳው እሱ ነው።

«ቁጥሩማ… ያው ነው» አለ። «እኔ ለጨዋታው ብዬ ነው እንጂ።»

አልማዜ ትከሻዋ ዘና አለ። «እንግዲያው አላስቸግራችሁም። ሁለት ወር መከራችሁን አሳየኋችሁ፣ ይበቃል። የሰው ቤት የሰው ነው። ለእንቁጣጣሽ ምሳ እመጣለሁ በላት፣ ኮረሪማም ይዤ እመጣለሁ፤ ያንን ውሃ የሚመስል ወጧን…» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እየሳቀ አቀበቱን ወጣ።

ጳጉሜ አራት ቤቴል ሰፈር ውስጥ ቀጠሮ የያዘበት አሸንዳ ነበር። ሌሊቱን ዓይኑ አልተከደነም፤ «ከሥራ እንደተመለስኩ ቀጥታ ሄጄ አፍርጬ እነግራታለሁ፣ ብትሰድበኝም ትስደበኝ» ብሎ ወስኖ ነው ጠዋት የወጣው። ስምንት ሰዓት ላይ መሰላል ላይ ሆኖ ቢስማር ሲመታ ወደ ወጨጫ ቀና አለ። ተራራው የለም። በቦታው ጥቁር ግድግዳ ቆሟል፣ ወደ ከተማው ይመጣል። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

አልማዜ ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ለዙቤዳ ደወለ።

«ሂጂ አልማዜን አውጪያት! አሁኑኑ!»

«እንዴ፣ ምን ሆንክ? አለቀ አላልክም እንዴ ዝናቡ?»

«ዋሽቻለሁ! አላለቀም፣ ጳጉሜ ላይ ነው፣ ሁሉም ጳጉሜ ላይ ነው! በአላህ ዙቤዳ፣ ጉልበትሽን እርሺውና ሂጂ!»

ታክሲ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስኮቱን መቱት። አየር ጤና ሳይደርሱ መንገዱ ውሃ ሆነ። ረዳቱ በሩን ይዞ ይስቃል፣ ተሳፋሪው ስለ ዶሮ ዋጋ ያወራል፤ ሰይፈዲን ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ጦር ኃይሎች ላይ መኪናው ሁሉ ተቆልፎ ቆመ። ወርዶ ሮጠ። የስልሳ ዓመት ሰው ነው፣ ጫማው ውሃ ሞልቶ ይንቦጫረቃል፣ ደረቱ ይቃጠላል፤ ሮጠ። በየጣሪያው የሠራቸው አሸንዳዎች ከአፋቸው ሞልተው ሲፈሱ እያየ ሮጠ።

ሲደርስ ዙቤዳ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ይዟት፣ አንድ ጫማዋ ጠፍቶ ቆማለች። ሰው ከቧታል። ፊት ለፊቷ ቤት የለም። ከላይ የተናደው አፈር የአልማዜን ቤት እንዳለ ይዞ ወንዝ ገብቷል። ዙቤዳ ባሏን ስታየው አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እንደ ተኛ ሰው ሆና ነው የተናገረችው።

«ደርሼ ነበር። መሀላችን ጎርፍ ነበር፣ መሻገር አቃተኝ። ‹ውጪ! በላይ በኩል ውጪ!› አልኳት። በሩ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችልኝ። ‹ያቆማል ዙቢ፣ አንቺ ተመለሺ፣ ትታመሚያለሽ› አለችኝ። ‹ነሐሴ እኮ አልቋል› አለችኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሰዎች አልማዜን ከድልድዩ ሥር አገኟት። ዝናቡ ያኔ አቁሞ ነበር፣ ሰማዩም ጠርቶ።

ጳጉሜ አምስት ተቀበረች። ሄቨን ከዩኒቨርሲቲዋ ከተማ በአውቶቡስ ደርሳ ከቀብሩ በቀር ምንም አላገኘችም። በእንቁጣጣሽ ድንኳኑ ተተክሎ ዋለ። ለቀስተኛው «የፈጣሪ ቁጣ ነው»፣ «ቀኗ ደርሶ ነው» ይላል፤ ሰይፈዲን ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀና ብሎ የሰው ፊት ማየት አቅቶት ሁለት ቀን ተቀመጠ። ዙቤዳ አጠገቡ ናት፣ አታናግረውም።

መስከረም ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳሳ ሲል ሄቨን መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጦ ሊጠፋ ደርሷል። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን? ምን በድለሽኝ ልጄ?»

«ደብተርዎን አበላሸሁት። ትናንት እትዬ ዙቤዳ ነገሩኝ፣ የጳጉሜውን። አሥራ ሁለት ወር ቆጥሬ መጣሁ! የዚህ አገር ልጅ ሆኜ፣ አሥራ ሦስት ወር እየተባልኩ አድጌ፣ ‹ጋሼ፣ ጳጉሜስ?› ብዬ አልጠየቅኩም። እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ሰይፈዲን ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። «አይዞሽ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» ቢላት ማንም አያውቅበትም፤ ልጅቷም ጥፋቱን ተሸክማ፣ እድሜ ልኳን ይዛው ትኖር ነበር። አሰበው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለትንሽ ጊዜ አሰበው።

«አንቺ አይደለሽም» አለ በመጨረሻ። «አንቺ አታውቂም ነበር።»

«እርስዎም እኮ አላወቁም ጋሼ። ለእኔ ብለው አይዋሹ።»

«እኔ አውቄ ነበር።»

እጇ እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። «መቼ?»

«ጳጉሜ አንድ፣ ጠዋት።»

ሄቨን ድምፅ አውጥታ ቀኑን ቆጠረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እጇን ቀስ ብላ ከእጁ ላይ አነሣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ጳጉሜ ሦስት ጠዋት ደውላልኝ ነበር» አለች። «ሌሊቱን ስለዘነበ ፈርታለች። ‹ልውጣ ወይስ ልቆይ?› አለችኝ። ‹እኔ ሩቅ ነኝ እማዬ፣ ጋሽ ሰይፉን ጠይቂያቸው፣ እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ› አልኳት።» ቀና ብላ አየችው። «ጠይቃዎት ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር» አለ ሰይፈዲን።